የሻይ ሰዓትና የአደጋ ጥሪ

ክቡራትና ክቡራን፣

አዘጋጆቹ ስለ በጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ አገልግሎት እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ስለ ነበልባልና ስለ ጀግንነት ይናገራል ብላችሁ እንደምትጠብቁ ገምቼ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን፣ ባለፉት ዓመታት ከእሳት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘሁባቸው ሰዓታት ቢደመሩ ከጥቂት ቀናት አይበልጡም፤ የቀረው ጊዜ ያለፈው በቢሮ ወንበር ላይ፣ በቤት ጣጣና የውሃ ቱቦ በማጠብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሳምንት ነው። የመረጥኩት የተለየ ስለሆነ ሳይሆን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ስላለበት ነው፤ ልምምድ፣ የሐሰት ጥሪ፣ አንድ እውነተኛ ቃጠሎ፣ የቢሮ ሽኝት፣ ሲጠብቀኝ የከረመ ቆሻሻ ልብስ።

ወደ ሳምንቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ግምት ላርም። ብዙ ሰው በበጎ ፈቃድ እሳት ማጥፋትን ሙያተኛ በሌለበት የሚደረግ የግዴታ ብልሃት አድርጎ ያየዋል። በጀርመን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አሉ፤ ደመወዝተኛ ቡድን በአብዛኛው የሚገኘው በትልልቆቹ ከተሞች ነው። በቺሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 በወደብ ከተማዋ በቫልፓራይሶ የመጀመሪያው ቡድን ከተቋቋመ ወዲህ፣ ዋና ከተማዋን ሳንቲያጎን ጨምሮ፣ እሳት የሚያጠፉት ደመወዝ የማይቀበሉ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ በእነዚህ አገሮች መሰላሉን የሚወጣው ሰው ከሩብ ሰዓት በፊት መምህር፣ መካኒክ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው። ያ ሰው ጥሎት የወጣው ሥራ በራሱ አይሠራም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ተጥሎ ስለሚቀረው ሥራ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ሳምንቱ የሚጀምረው ሰኞ ማታ በልምምድ ነው። የዚያን ሰኞ ልምምድ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነበር። ባለ 6.8 ሊትር ሲሊንደር በ300 ባር ግፊት ሲሞላ ወደ 2,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይይዛል። አሁን እናንተ እንደተቀመጣችሁት የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ10 ሊትር ያነሰ አየር ሲበቃው፣ በውሃ የተሞላ ቱቦ እየጎተተ ደረጃ የሚወጣ ሰው ግን 40፣ 50፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚመስለው አየር በተግባር በፍጥነት ያልቃል፤ ግፊቱ ወደ 55 ባር ሲወርድም ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይጀምራል። ፉጨቱን ሰምቶ መውጣት የጀመረ ሰው ዘግይቷል፤ ሰው መውጣት ያለበት ከፉጨቱ በፊት ነው።

የፊት መሸፈኛችን በጨርቅ ተጋርዶ፣ አንድ እጃችን ግድግዳው ላይ፣ ሌላው በጓደኛችን እግር ላይ ሆኖ፣ ወንበርና ጠረጴዛ በተመሰቃቀለበት ክፍል ውስጥ በጉልበታችን እንድንሄድ ተደረገ። እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ሰው የሚያየው በጆሮው ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ሲደነግጥ ትንፋሹ እንደሚፈጥን፣ ሲደክመው ደግሞ ቃላቱን መቁረጥ እንደሚጀምር አውቃለሁ። ይህን የማውቀው ግን ከጨለማው ክፍል አይደለም፤ ከልምምድ በኋላ ቱቦ እያጠብን፣ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለማይነሣለት አሮጌ መኪናው ሲያወራኝ ድምፁን ስለለመድኩት ነው። የደኅናውን ቀን ድምፅ የማያውቅ ሰው የክፉውን ቀን ድምፅ ሊለይ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ባልንጀሮቹ እ.ኤ.አ. በ1736 በፊላዴልፊያ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ማኅበር ሲመሠርቱ፣ እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲዎችና ዕቃ ማውጫ ከረጢቶች በተጠንቀቅ እንዲያስቀምጥ ተስማሙ። አያይዘውም በወር አንድ ምሽት ተገናኝተው እየተጫወቱ ስለ እሳት ያላቸውን ሐሳብ እንዲለዋወጡ ወሰኑ፤ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣ ነበር፤ የመቀጮውም ገንዘብ ለእሳት ማጥፊያ ሞተር፣ ለመሰላልና ለመሳሰሉት ዕቃዎች መግዣ ይውል ነበር። ከባልዲው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ጨዋታውን በውላቸው ውስጥ ማስገባታቸው ነው። ሰዎቹ ወሬ ሥራ ፈትነት ነው ብለው አላሰቡም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስለ መጪው ዓመት በጀት በምንነጋገርበት ስብሰባ መካከል የጥሪ መሣሪያዬ ጮኸ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ስንደርስ የጮኸው በአንድ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ያለ የጭስ ጠቋሚ ነበር፤ አጠገቡ ካለው መታጠቢያ ቤት የወጣ እንፋሎት ገብቶበት ነው። ብዙዎቹ ጠቋሚዎች የሚሠሩት በውስጣቸው ያለውን የብርሃን ጨረር የሚበትን ነገር ሲያጋጥማቸው ነው፤ የጭስ ብናኝም ሆነ የውሃ ጠብታ ብርሃን ይበትናል፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች አየን፣ ጠቋሚውን ወደነበረበት መለስን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ስብሰባው አልቆ ነበር፤ በሌለሁበትም የአንድ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጬ ነበር። ከቃጠሎ ይልቅ የሐሰት ጥሪ የሚያስከፍለው እንዲህ ያለ ዋጋ ይመስለኛል።

ስለ ራሴ ጥፋት መናገር ያለብኝም እዚህ ላይ ነው። አገልግሎቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥሪ ሲመጣ ወረቀቴን እንደተበታተነ ጥዬ እበርር ነበር፤ ስመለስም ሰው ሁሉ ሊያመሰግነኝ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። በሻይ ሰዓት ከባልደረቦቼ ጋር አልቀመጥም፤ የልደት ኬክ ሲቆረስ ሥራ አለብኝ ብዬ ከጠረጴዛዬ አልነሣም፤ ጊዜዬ ለቁም ነገር ብቻ የተፈጠረ አድርጌ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ግን ከእኔ ትይዩ የሚቀመጡ፣ በዕድሜም በሥራም የሚቀድሙኝ ባልደረባዬ ጠሩኝና፣ «ስማ ልጄ፣ አንተ የሰው ቤት ስታድን የአንተን ጠረጴዛ የማድነው እኔ ነኝ፤ ይህን ግን ጠይቀኸኝም ነግረኸኝም አታውቅም» አሉኝ። በስድስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ስልኬን እንዳነሡ፣ ስንት ደንበኛ እንደሸኙ፣ ስንት ጊዜ ከሥራ ሰዓት በኋላ እንደቆዩ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ሰዓት አልቀርም።

አንዳንድ አገሮች ይህን ጉዳይ ለሰው ደግነት ብቻ አልተዉትም። በጀርመን አሠሪ በጎ ፈቃደኛውን ለአደጋ ጥሪ መልቀቅና ደመወዙን መክፈል አለበት፤ የግል አሠሪ ከሆነ የከፈለውን ከከተማው ወይም ከቀበሌው አስተዳደር ማስመለስ ይችላል። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ እኔም በየቦታው ቢኖር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሕጉ የሚከፍለው የአሠሪውን ኪሳራ እንጂ የዚያችን ትይዩ ወንበር ድካም አይደለም። ለእርሱ እስካሁን የማውቀው ክፍያ ሰውዬውን ወይም ሴትዮዋን ማወቅ፣ የእነርሱም ቀን ሲከፋ ተራን ጠብቆ ጠረጴዛቸውን መያዝ ነው።

ረቡዕ ምንም አልሆነም። ልጄን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩ፣ የላላ የበር እጀታ አጠበቅሁ። ተረኛ ሰው ግን ምንም ባልሆነበት ቀንም ሙሉ በሙሉ ቤቱ የለም፤ መኪናው አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙራ ትቆማለች፣ የሚያሰክር ነገር አይቀመስም፣ ከተወሰነ ርቀት በላይ አይኬድም። ባለቤቴ «አንተ እዚህ ነህ፤ ጆሮህ ግን በር ላይ ቆሟል» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ላይ ጥሪው መጣ። ከእንቅልፍ በድንገት የተነሣ ሰው አእምሮው ለተወሰኑ ደቂቃዎች እንደደነዘዘ ይቆያል፤ ልቡ ግን ቀድሞት ይሮጣል። ሱሪያችን ቦት ጫማው ላይ ተሰብስቦ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ እግር ጫማው ውስጥ ሲገባ ሱሪውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ይቀራል፤ የሚታሰብ ነገር የለውም።

ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት ማታ ሲርባቸው ዘይት የያዘ መጥበሻ ጥደው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው፤ ሲነቁ ከወጥ ቤቱ ጭስ እየወጣ ነበር። እሳት የያዘ ዘይት ላይ ውሃ አለማፍሰሳቸውና የወጥ ቤቱን በር ዘግተው መውጣታቸው ቤታቸውን አትርፎላቸዋል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጥና በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የነደደውን ዘይት እስከ ጣሪያ ይረጨዋል። ወጥ ቤቱ ግን መደርደሪያዎቹን ጨምሮ ተያይዞ ነበር።

ሁለት ሆነን ገባን፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ እኛ ብንቸገር ሊያወጡን ለብሰውና ተዘጋጅተው ውጭ ቀሩ። በሩ ጋ ስንደርስ በጉልበታችን ሆነን ትንሽ ውሃ ረጨንበት። በባትሪው ብርሃን ያየሁት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ በበሩ የታችኛው ክፍል ውሃው ቀስ ብሎ እየተንዠረገገ ወረደ፣ ከወገቤ ከፍታ ጀምሮ ግን ሳይወርድ እዚያው ተነነ። መስመሩ በእርሳስ የተሰመረ ያህል ነበር። ከመስመሩ በላይ ያለው ሙቀት ሰው ሊቆምበት እንደማይችል በሩ ራሱ ነገረን።

ሰው የሚፈራው ነበልባሉን ነው፤ እኛ የምንፈራው ከላይ የተኛውን ጭስ ነው፤ ጭስ ገና ያልተቃጠለ ነዳጅ ነውና። ከጣሪያው ሥር ያለው ጭስ ወደ 500 ወይም 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ወንበሩም ምንጣፉም መጋረጃውም፣ በአንድ ጊዜ ይነዳል። በፕላስቲክና በስፖንጅ የተሠራ የዛሬ የቤት ዕቃ በሙከራ ላይ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ክፍሉን እዚህ ደረጃ አድርሶታል፤ በእንጨትና በጥጥ የተሠራው የጥንቱ ዕቃ ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድበት ነበር። እኛ ቤት ውስጥ ሆነን የምንቆጥረው ይህን ነው።

በሩን በትንሹ ከፍተን ውሃውን ወደ ጣሪያው በአጭር በአጭሩ እንለቅ ጀመር፤ በር እንደማንኳኳት ያህል ነው፤ አንዴ፣ ዝም፣ እንደገና አንዴ። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል፤ በልኩ ሲሆን ጭሱን ያቀዘቅዛል፣ ሲበዛ ደግሞ እንፋሎቱ ወደ እኛ ተመልሶ በልብሳችን ውስጥ ይቀቅለናል። አጠገቤ የነበረው የሰኞ ማታው ጓደኛዬ ነው። ትንፋሹ ያው ነበር፤ ስለ አሮጌ መኪናው ሲያወራ እንደሚተነፍሰው። እኔም በዚያ ተረጋጋሁ።

ዋናው እሳት በ10 ደቂቃ ውስጥ ጠፋ፤ እኛ ግን ሁለት ሰዓት ቆየን። በመደርደሪያው ጀርባና በኮርኒሱ ውስጥ የተደበቀ ፍም ካለ እኛ ከሄድን በኋላ ያገረሻል፤ ስለዚህ ኮርኒሱ ይቀደዳል፣ ግድግዳው በሙቀት ካሜራ ይፈተሻል፣ ጥቀርሻው በአካፋ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መካከል የቤቱ ባለቤት በባዶ እግራቸው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ደጅ ቆመው ነበር። ቀርቤ ደኅንነታቸውን ስጠይቃቸው ያሉኝ፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል? ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ አለብኝ» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ቤቱ የሚነድ ሰው አእምሮው የሚይዘው ትንሹን ነገር ነው። «መሥሪያ ቤትዎ ለማን ልደውልልዎት?» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ። በመጨረሻ የነገሩኝ የአለቃቸውንም ሆነ የባልደረባቸውን ስም አልነበረም፤ «በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ያውቀኛል፤ በየጠዋቱ እናወራለን» አሉ።

ቤቴ ስገባ ሊነጋ ነበር። ገላዬን ታጠብኩ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም፤ እየደጋገምኩ የማስበውም እሳቱን ሳይሆን ያንን የጥበቃ ሠራተኛ ነበር።

ሐሙስ ቢሮ የደረስኩት 5 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ጠዋት መግባት የነበረበት ሪፖርት ተጠናቆ ገብቷል፤ ትይዩዬ ያሉት ባልደረባዬ ናቸው የጨረሱት። ቀና ብለው አዩኝና «ተኝተሃል?» ብቻ አሉኝ። አልተኛሁም አልኳቸው። «እንግዲያው ዛሬ ቁጥር ያለበትን ነገር አትንካ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ብዙ ሰው ጀግና ይለኛል፤ ቃሉ ግን ይከብደኛል፤ የሚጠቅመኝ ተኝተሃል ብሎ የሚጠይቀኝና እንቅልፍ ያጣ ሰው ቁጥር እንደሚሳሳት የሚያውቅ ሰው ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ የእኚሁ ባልደረባዬ የጡረታ ሽኝት ነበር። ሁላችሁም እንዲህ ያለውን ዝግጅት ታውቁታላችሁ፤ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራሉ፣ አለቃ ከታሰበው በላይ ይናገራል፣ ስጦታውን ማን ይስጥ በሚለው ላይ ትንሽ ግፊያ ይኖራል። ከንግግሩ በፊት ሰዎች ተሰብስበው የሌሊቱን እሳት እንዳወራላቸው ጠየቁኝ። እንዲህ ሲሆን የምከተለው ልማድ አለኝ፤ የማን ቤት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ባለቤቶቹ በምን ሁኔታ እንደነበሩ አልናገርም። የተቃጠለ ቤት ሲከፈት የሰው ገመና ይታያል፤ ያልታጠበ ሳህን፣ የተደበቀ ደብዳቤ፣ ከአልጋ ሥር የተወሸቀ ጠርሙስ፤ እኛ ይህን ያየነው ተፈቅዶልን ሳይሆን ተገደን ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ስላየሁት የውሃ መስመር ብቻ ነገርኳቸው። አንድ ወጣት ባልደረባችን ቤቱ ሲገባ የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ መተኛት ይጠቅም እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በጣም ይጠቅማል አልኩት፤ የተዘጋ ተራ በር ጭስንና ሙቀትን ለብዙ ደቂቃዎች ያዘገያል። ጀግንነት ካወራሁ በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶልኝ አያውቅም።

ተሸኚዋ ተነሥተው ሲናገሩ ሁሉንም በየስሙ አመሰገኑ። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ «ይኼኛውን ላለፉት ዓመታት ግማሹን ሥራውን ሠርቼለታለሁ፤ እርሱ ደግሞ ወንድሜ በታመመ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ሙሉውን ሥራዬን ሠርቶልኛል፤ ሒሳባችን ተዘግቷል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እየሳቅሁም ሒሳቡ እንዳልተዘጋ አውቅ ነበር።

ቅዳሜ የጽዳት ቀን ነው። ከቃጠሎው የመጣው ልብስ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ጣቢያው ውስጥ ሲጠብቀን ነበር። በጀማሪነቴ ጊዜ ጭስ ጭስ የሚሸት ኮት ክብር ነበር፤ በመኪናዬ ወንበር ላይ ጥዬው ቢሮ ድረስ ሄጄ አውቃለሁ፤ ሰው ሽታውን ሲያውቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ያ ሽታ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 በእሳት አደጋ ሠራተኝነት ለሥራው መጋለጥን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ልብሱ ለብቻው ይታጠባል፣ ጓንቱና የራስ ቁሩ ይፈገፈጋሉ፣ አንገት ላይ የሚቀረው ጥቀርሻ ሳይውል ሳያድር ይወገዳል፤ ኮቱ ወደ ቤትም ወደ ቢሮም አይገባም። ልጄን አቅፌበት የማውቅ መሆኔን ሳስብ አሁንም ይሰቀጥጠኛል።

እሑድን ከቤተሰቤ ጋር አሳለፍኩ፤ ስለ እሑድ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ የእነርሱ ቀን ነውና።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ፣ ትይዩው ወንበር ላይ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ አዲስ ባልደረባ ተቀምጦ የኮምፒውተሩን ማለፊያ ቃል ለማስገባት ይታገል ነበር። የጥሪ መሣሪያዬ ቀበቶዬ ላይ ነበረች፤ እርሱም አየት አደረጋትና ምንም አልጠየቀም። ሻይ ሰዓት ሲደርስ ወንበሬን ወደ እርሱ አዞርኩና ከየት እንደመጣ፣ ቤት አግኝቶ እንደሆነ፣ ሥራውን እንዴት እንዳገኘው ጠየቅሁት። ስለ እሳት አንድም ቃል አላነሣሁም፤ እርሱ ግን ስለ አንዲት ታናሽ እህቱ ማውራት ጀመረና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አላቆመም።

አመሰግናለሁ።